ሒሳብና ፊዚክስ ለብቻ ማስጠናት፦ ወላጆችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሒሳብና ፊዚክስ አስጠናለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል የአንደኛ ደረጃ ልጆች አሉ፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች አሉ፣ ከሥራ መልስ የሚማሩ አዋቂዎችም አሉ። አንዳንዶቹን የማገኛቸው በኢንተርኔት ነው። በስልክ የምጠየቀው ነገር ብዙ አይለያይም፤ በስልክ ደግሞ ሁልጊዜ በችኮላ ነው የምመልሰው። እዚህ ተረጋግቼ ጽፌዋለሁ።

ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። ለምን የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ያሠሩታል?

ብዙ ወላጆች ይህን የሚጠይቁኝ በቅሬታ ነው። የከፈሉት ለ10ኛ ክፍል ነውና አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ልጁ ዛሬ የወደቀበት ቦታና ክሩ መጀመሪያ የተበጠሰበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሎጋሪዝም አልገባኝም ብላ ጀመርን። ደብተሯን ሳየው የሎጋሪዝም ሕጎችን አንድም ሳታዛንፍ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፋቸዋለች፤ በቃሏም ትወጣቸዋለች። ጥያቄ ሰጠኋት። መሃል ላይ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ መጣ። ሁለት አምስተኛ ብላ ጽፋ ቀጠለች። አላረምኳትም። «ግማሽ ድፎ ዳቦ አለሽ እንበል፤ እኔ ሲሶ ጨመርኩልሽ። አሁን ያለሽ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኳት። «ይበልጣል» አለች። «ሁለት አምስተኛስ?» እርሳሷን አስቀምጣ ዝም አለች። ቆይታ «እኔ ግን ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ነው የምደምረው» አለችኝ።

ሎጋሪዝም ላይ ስንት ወር ብናሳልፍ ያ የ5ኛ ክፍል ስሕተት እዚያው ይጠብቃት ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን የማገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ቦታ በአንዱ ነው፦ ክፍልፋይ፣ የኔጌቲቭ ቁጥር ምልክት፣ ቅንፍ መፍታት፣ ወይም ከቀመር ውስጥ የሚፈለገውን ነገር ለብቻ ማውጣት። የመጨረሻው ፊዚክስንም ይዞ ይወድቃል። የመጨረሻ ፍጥነት ከመነሻ ፍጥነትና ከአክስለሬሽን (ፍጥነት በየሴኮንዱ ከሚለወጥበት መጠን) እንዴት እንደሚገኝ አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ፣ እዚያው ቀመር ላይ «ጊዜውን ፈልግ» ሲባል ይቆማል። መምህሩም ወላጁም ፊዚክስ አይገባውም ይላሉ። የጎደለው ግን የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ዓመት ይባክናል ብላችሁ አትስጉ። በ12 ዓመቱ አንድ ሴሚስተር የፈጀበትን ክፍልፋይ በ16 ዓመቱ በሦስትና በአራት ሳምንት ሲጨርሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ምን ታደርጋላችሁ?

ከተለያዩ ክፍሎች የተውጣጡ አሥር ወይም አሥራ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አቀርብና ተማሪው እየሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ማርክ አልሰጥም። በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛ መልስ የሚያገኝ ልጅ አለ፤ እሱ በግልጽ ከተሳሳተው ይልቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም እስካሁን ማንም አላረመውም።

በዚህ ቀን ወላጅ አጠገባችን ባይቀመጥ እመርጣለሁ። ልጁ እያንዳንዱን መስመር ጽፎ የእናቱን ፊት የሚያይ ከሆነ ሐሳቡ ከቁጥሩ ላይ የለም። ይህ ማለት ግን ክፍል ዘግተን እንቀመጣለን ማለት አይደለም። ሳሎን እንሁን፣ ወይም በሩ ክፍት ይሁን፤ እናንተም ቤት ውስጥ ሁኑ። ልጅ ከአስጠኚው ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም፤ ይህን አስጠኚው ሳይጠየቅ ራሱ ሊያደርገው ይገባል።

የቤት ሥራውን ያሠሩታል?

አብረን እናየዋለን እንጂ እኔ አልሠራለትም። እርሳሱ ከተማሪው እጅ አይወጣም። የማሳየው ነገር ካለ በራሴ ወረቀት ላይ አሳየዋለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን እገለብጠውና እሱ ከመጀመሪያው ይሠራዋል። የቤት ሥራ እንዲያስጨርስ ብቻ አስጠኚ የምትፈልጉ ከሆነ ገንዘባችሁ ቢቀመጥ ይሻላል።

የሚያስረዱት በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ?

በሁለቱም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስያሜዎቹን በእንግሊዝኛ ማወቅ ግድ ነው። ሐሳቡን ግን ልጁ ቤቱ ውስጥ በሚጨቃጨቅበት ቋንቋ አስረዳዋለሁ፤ እዚያ ነው መከራከር የሚችለው።

ፊዚክስ ላይ ግን አማርኛችን ራሱ ተማሪውን ያሳስተዋል። ገበያ ላይ ክብደቱ ስንት ነው ስንል መልሱ በኪሎ ነው። ፊዚክስ ውስጥ ክብደት የሚለካው በኒውተን ነው፤ በኪሎግራም የሚለካው ማስ፣ ማለትም የቁሱ መጠን፣ ነው። ልጁ ጥያቄው ላይ 50 ኪሎግራም የሚል ሲያይ ክብደቱ ተሰጥቶኛል ብሎ ያልፍና በ9.8 ማባዛቱን ይተዋል። ኃይል የሚለው ቃል ደግሞ ይብሳል። ዕቃውን የሚገፋውም ኃይል ነው፤ ከግድብ የሚመጣውም መብራት ኃይል ነው፤ የደከመው ሰውም ኃይል አጣሁ ይላል። ፊዚክስ እነዚህን ፎርስ፣ ፓወርና ኢነርጂ ብሎ ለሦስት ይለያቸዋል፤ መለኪያቸውም ኒውተን፣ ዋትና ጁል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጣለሁ። ተማሪው ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ ያሰምራል፦ ቃሉ በቤታችን ምን ማለት ነው፣ በፊዚክስስ? «ሥራ» የሚለው ቃል ጋ ስንደርስ ሁሉም ይስቃሉ። ጄሪካን ውኃ ተሸክሞ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው፣ ላቡ ቢንጠፈጠፍም፣ በፊዚክስ አነጋገር ጄሪካኑ ላይ ሥራ አልሠራም። ወደ ላይ ይዞት ነበር፤ የሄደው ግን ወደ ፊት ነው።

የፊዚክስ ቀመሮችን ሁሉ ሸምድጃለሁ፤ ጥያቄው ሲመጣ ግን አልሠራም። ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቁኝ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ብዙዎቹም በሐፍረት። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ከቀመሩ በፊት መታየት የነበረበትን ነገር ስላላያችሁ ነው።

እስክሪብቶ ወደ ላይ ወርውሩ። ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? ዜሮ። አክስለሬሽኑስ? አብዛኛው ተማሪዬ እዚህም ዜሮ ይለኛል። እንግዲያው ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ የፍጥነቱ ለውጥም ዜሮ ከሆነ፣ እስክሪብቶው እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት ነበረበት። ተመልሶ መውደቁ አክስለሬሽኑ ለአፍታም እንዳልጠፋ ይመሰክራል፦ ከእጃችሁ ከወጣበት እስኪመለስ ድረስ ወደ ታች 9.8 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ነው። ይህን አንድ ጊዜ ልብ ያለ ተማሪ የፕሮጀክታይል (የተወረወረ ነገር እንቅስቃሴ) ምዕራፍ ላይ የሚቸገረው በስሌቱ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ላንሣ፤ ከሁሉም የምወደው ነው። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ከአንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ጋር ቴርሞሜትር ይዘን ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ውስጥ ከተትነው። ውኃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። «ተበላሽቷል» አለኝ። በማንቆርቆሪያ ደግመን አፈላን፤ አሁንም 92። እናቱ ሰምተው «እዚህ ሽንብራውም ቢሆን መቼ ቶሎ ይበስላል፤ አዋሽ ስንኖር እንዲህ አልነበረም» አሉን። መልሱ ከእሳቸው አፍ ወጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዋሽ ከዚያ በጣም ዝቅ ትላለች። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፣ ውኃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ሽንብራው የሚዘገየው በ92 ዲግሪ ውኃ ስለሚበስል ነው። ልጁ ከዚያ ተነሥቶ ፕሬሸር ኩከር ለምን እንደሚያፈጥን ለእናቱ ራሱ አስረዳቸው። ግፊትና መፍያ ነጥብ የሚሉት ቃላት ከዚያ ወዲያ አልጠፉበትም።

ስለዚህ ከቀመሩ በፊት ሥዕል ሣሉ፣ ቀስቶቹን አስቀምጡ፣ ምን እንደሚሆን በቃል ገምቱ። ቀመሩ ከዚያ ይመጣል።

ልጄ በጣም ጎበዝ ናት፤ ክፍል ውስጥ ይሰለቻታል። አስጠኚ ያስፈልጋታል?

ሊያስፈልጋት ይችላል፤ ግን የሚቀጥለውን ክፍል መጽሐፍ ቀድማ እንድትጨርስ አይደለም። 8ኛ ክፍል ሆና የ10ኛን የጨረሰች ልጅ ብዙ ጊዜ የያዘችው ዘዴውን ነው፤ 10ኛ ክፍልን እስክትጨርስ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት ይሰለቻታል። እኔ እዚያው ባለችበት አስፋፋላታለሁ።

አንዷን ተማሪዬን የማረካት ባሕረ ሐሳብ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትንና በዓላትን የምታወጣበት ስሌት። በ2018 ዓ.ም. ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5,500 ዓመት ሲደመር 7,518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከቀሪው አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ ነው፦ 132 ለ30፣ ቀሪ 12። በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ ነው፦ 228 ለ30፣ ቀሪ 18። 12 እና 18 ሲደመሩ 30። የ2017ን ሠራች፤ 1 እና 29 አገኘች። አሁንም 30። «ለምን?» ብዬ ተውኳት። በሚቀጥለው ቀጠሮ በር ላይ ቆማ ነው የተቀበለችኝ፦ «11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ ነው!» ከዚያም ያልጠየቅኳትን ጨመረች፦ «ወንበሩ ዜሮ የሆነ ዓመትስ?» ሊቃውንቱ ያን ዓመት አበቅቴ አልቦ (ዜሮ)፣ መጥቅዕ 30 ይሉታል። በዩኒቨርሲቲ የቁጥር ቲዎሪ ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ዓይነት ቀሪ ነው።

ትኩረቱ ቶሎ የሚበተን፣ ቁጥር የሚገለባበጥበት ልጅ አለኝ። ሰነፍ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?

ሰነፍ የሚለውን ቃል እባካችሁ ልጁ በሚሰማበት አትናገሩት። ከቁጥር ጋር በተለየ ሁኔታ የሚቸገሩ ልጆች አሉ፤ ዲስካልኩሊያ ይባላል፤ ከብልህነት ማነስ ጋር ግንኙነት የለውም። ለይቶ የሚናገረው ባለሙያ ነው፤ እኔ አይደለሁም። እኔ የማደርገው አሠራሩን መለወጥ ነው። አንድ ሰዓቱን በአሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ እከፍላለሁ፣ መሃል ላይ ይነሣል፣ ውኃ ይጠጣል። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ። ቁጥሮቹ እንዳይዛቡ ባለ ካሬ ደብተር ላይ በየሳጥኑ አንድ አንድ አሃዝ ያስቀምጣል። ማባዛትን በጠጠር፣ በባቄላ፣ በጠርሙስ ክዳን እንጀምራለን፤ 10 ዓመት የሞላው ልጅም ቢሆን።

እኔ አዋቂ ነኝ፤ ማታ ልማር አስቤያለሁ። አይረፍድብኝም?

አይረፍድብዎትም፤ እንዲያውም ይዘውት የሚመጡት ዕውቀት አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የኤሌክትሪክ ስሌት ያስፈራኛል ብለው መጡ። «የእንጀራ ምጣድ በቀጭን ሽቦ ያስገባሉ?» ስላቸው «ቤት ላቃጥል ነው?» አሉኝ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ስሌቱ አንድ ማካፈል ነው። እጃቸው ለዓመታት ያወቀውን ወረቀት ላይ ማየታቸው ነበር። ለአዋቂ ተማሪ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅዎ ቢስቅብዎትም አጠገቡ ተቀምጠው ይሥሩ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሦስት ወር ቀርቷል። ይደርሳል?

ሁሉን አስጨርሳለሁ የሚል አስጠኚ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የወላጅ ድንጋጤ ይገባኛል። ግን የአራት ዓመት ትምህርት በሦስት ወር አይሞላም።

በሦስት ወር የሚቻለው ይህ ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዘን እንሠራለን። ከዚያ የተሳሳተውን በሦስት እንለያለን፦ ጨርሶ ያልተማረው፣ የሚያውቀው ግን መሃል ላይ የጠፋበት፣ እና በስሌት የተሳሳተው። በመጨረሻው እንጀምራለን። ፈተናው ላይ ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ በስልኩ ሲያሰላ የኖረ ልጅ 0.4ን በ0.25 ማባዛት ላይ ደቂቃ ያጠፋል። ያን ማስተካከል በአንድ ወር ይቻላል፣ ነጥቡም ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ቀጥሎ ይመጣል። ከመጀመሪያው የምንነካው ጥቂቱን፣ ደጋግሞ የሚመጣውን ምዕራፍ ብቻ ነው። እንቅልፉንም አትንኩበት።

በሳምንት ስንት ቀን ይበቃል?

ሁለት ቀን። ለትንንሾቹ አንድ አንድ ሰዓት፣ ለትልልቆቹ አንድ ሰዓት ተኩል። በየቀኑ አስጠኚ የሚመጣበት ልጅ ለብቻው የሚታገልበት ቀን የለውም፤ ትምህርቱ የሚገባው ደግሞ በዚያ ቀን ነው።

ውጭ አገር ነው የምንኖረው። በኢንተርኔት ይሆናል?

ይሆናል፤ ካሜራው ግን ፊቱን ሳይሆን ደብተሩን ያሳየኝ። የሰዓት ነገር ይስተዋል። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ዋሽንግተን ላይ ብዙ ቀጠሮ ተበላሽቶብኛል፦ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት ሲሆን እዚህ በብርዱ ወራት ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት 10 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይለውጣሉ። ቀጠሮውን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉልኝ።

አሜሪካ ያሉ ልጆች በግራፍ ካልኩሌተር የለመዱ ናቸው፤ መስመሩን በእጃቸው እንዲሥሉ ስጠይቅ መጀመሪያ ይከፋቸዋል። እስራኤል ያሉ ቤተሰቦች ልጁ የባግሩት (የእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ሒሳብን በ4 ወይስ ከፍ ባለው በ5 ዩኒት ደረጃ ይውሰድ ይሉኛል። በ5 መፈተን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተጨማሪ ነጥብ እንደሚያስገኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደብተሩን ሳላይ አልመልስም።

በስልኩ ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ መልሱን ያገኛል። እናስቁመው?

ማስቆሙ አይሳካላችሁም። እኔ ቅደም ተከተሉን ነው የምለውጠው፦ መጀመሪያ በእጁ ይሠራል፣ ከዚያ መተግበሪያውን ያየዋል፣ ከዚያ የተለያዩበትን መስመር ፈልጎ ለእኔ ያስረዳኛል። አንዳንዴ የሚሳሳተው መተግበሪያው ይሆናል፤ ያን ያገኘ ልጅ ደስታው ልክ የለውም።

የክፍል መምህሩ ራሱ ቢያስጠናውስ?

ማርክ የሚሰጠው ሰው በክፍያ ባያስጠና ለሁሉም ይቀላል፤ ለመምህሩም ጭምር።

ክፍያውስ?

በሰዓት ወይም በወር ይታሰባል። የክፍል ደረጃውና የሰፈሩ ርቀት ይለውጡታል። ከመጀመራችሁ በፊት የቀረ ቀን እንዴት እንደሚተካ፣ በበዓልና በፈተና ሳምንት ምን እንደሚሆን፣ ክፍያው በወሩ መጀመሪያ ይሁን መጨረሻ ተነጋገሩ፤ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው። ለብቻ መክፈል ከከበዳችሁ በደረጃ የሚቀራረቡ ሁለት የጎረቤት ልጆችን አንድ ላይ አስጠናለሁ፤ ከሁለት በላይ ከሆኑ ግን ክፍል ሆነ። «ይህን ያህል ካላመጣ አትከፍሉም» አልልም። እንዲህ ካልኩ ልጁን የማሠራው ለሚመጣው ፈተና ብቻ ይሆናል።

ምን አዘጋጅተን እንጠብቅዎ?

ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ላጲስ። ላጲሱ ለሥዕል ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ስሌት አይጠፋም፣ በአንድ መስመር ይሰረዝና ኋላ ተመልሰን እናነበዋለን። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያለፉ የፈተና ወረቀቶቹን ፈልጉልኝ፤ በተለይ ለእናንተ ያላሳያችሁን። ቦርሳው ታች፣ አራት ጊዜ ታጥፎ ይገኛል። ስታገኙት አትቆጡት፤ እንደታጠፈ ለእሱ ስጡትና ራሱ ያምጣልኝ።